ለጋሼ ደምለው ያነሳሁት እጅ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ኮምፒውተሯን በትከሻዋ አንግታ ቤቴ መጣች። ከመሥሪያ ቤት ተልኬ ነው አለችኝ። በቀድሞው ዘመን በአመራር ላይ የነበሩ ሴቶችን ሰብስበው ሊያመሰግኑ አስበዋል፤ የእኔንም የሕይወት ታሪክ ጽፈው ጨርሰው፣ መድረክ ላይ ከመነበቡ በፊት ባለታሪኳ ራሷ ትስማው ብለው ነው ልጅቱን የላኳት። ደግ ልጅ ናት። የዘጌ ማንጎ ቆርጬ አቀረብሁላት፣ እኔም አንድ ቁራጭ አነሳሁና ለማድመጥ ተመቻቸሁ።

«ወይዘሮ እንጉዳይ ገና በሃያ ሦስት ዓመታቸው በባሕር ዳር ከተማ ለቀበሌ አመራርነት ተወዳድረው፣ በሙሉ ድምፅ በመመረጥ...» ስትል ማንጎው ትን አለኝ።

«በምን ድምፅ?»

«በሙሉ ድምፅ፣ እማማ። ፋይሉ እንዲያ ነው የሚለው።»

«ፋይሉን ውሃ ይውሰደው! የመጀመሪያውን ምርጫ ተሸንፌያለሁ። ያውም በአንድ ድምፅ። ያውም በገዛ እጄ።»

ልጅቱ ቀልድ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እኔም ሳልናገረው ይህን ሁሉ ዓመት የኖርሁት ነገር ድንገት ከነሽታው መጣብኝ። የሐይቅ ዳር እርጥብ ደንገል ሽታ፣ የማሽን ዘይት፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ የሕፃን ሽንት። እንግዲህ አንዴ ከተነሳ ለእናንተም ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር እንዲህ ፎቅ በፎቅ አልሆነችም። መንገዷ በዘንባባ ጥላ የተሸፈነ፣ መኪናው ጥቂት፣ ብስክሌቱ ብዙ፣ ሰዉ ከነአባቱ ስም የሚተዋወቅባት ከተማ ነበረች። ሽንኩርት አልቆብሽ ጎረቤት ብትሄጂ ቀረሶ ዓሣ ተጠብሶ ታገኛለሽ፤ ቁጭ በይ ትባያለሽ፣ ትበያለሽ፣ ሽንኩርቱም ወጡም ይረሳል። ክረምት ሲገባ ሐይቁ ይደፈርስና የሻይ ወተት ይመስላል፤ ትንኙም አያስተኛም። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበር። ትርፍ ቤት ተወርሷል፣ ሰው ሁሉ ጓድ ሆኗል፣ እሑድ እሑድ ስብሰባ አለ፣ ከስብሰባ የቀረም ስሙ ይያዛል። በዚያ ዘመን ስምህ ከሚያዝ እግርህ ቢሰበር ይሻል ነበር።

እኔ የመራዊ ልጅ ነኝ። አባቴ ገና በልጅነቴ ሞተ። ከዚያ ወዲህ እንደ አባት የሆኑኝ የአባቴ ወዳጅ ጋሼ ደምለው ናቸው። ባሕር ዳር፣ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። አንድ የገበያ ቀን በአውቶቡስ መራዊ ድረስ መጡና እናቴን «ይህችን ልጅ ስጪኝ፤ ሥራ አስይዛታለሁ» አሏት። ፋብሪካ ለመግባት ዋስ ያስፈልግ ነበር፤ ዋስ የሌለውን ሰው የበሩ ዘበኛ እንኳ ቀና ብሎ አያየውም። ጋሼ ደምለው ፈርመው ዋስ ሆኑኝ፣ ክር መፍተያው ክፍል ገባሁ፤ ከግቢያቸውም አንዲት ክፍል ሰጡኝ። ወባ የያዘኝ ጊዜ ሆስፒታል ድረስ አዝለው የወሰዱኝ እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው የማይወርድ፣ ሲቆጡ ሰፈሩን የሚያሰሙ፣ ተቆጥተው ሲያበቁ ደግሞ «በልተሻል?» የሚሉ ሰው ነበሩ።

ፋብሪካው በሦስት ፈረቃ ይሠራል። እኛ ሴቶቹ ከየአገሩ የመጣን ነን፤ ከመራዊ፣ ከአንበሳሜ፣ ከሐይቁ ማዶ ከቆላ ድባ፣ ከሸዋም ከወሎም። ደመወዝ አለን፣ ዘመድ የለንም። አንዷ ስትወልድ ገንፎ የሚያገነፋላት ጎረቤት አይጠፋም። የወሊድ ፈቃዷ አልቆ ፈረቃዋ ሲጠራት ግን ልጁን ማን ይያዝላት? ጎረቤቷም እንደሷ ፈረቃ አለባት። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው።

ይታይሽ የምትባል የአንበሳሜ ልጅ ጓደኛ ነበረችኝ። ከእኔ ጎን ባለው ማሽን ላይ ነው የምትሠራው። ባሏ ዘምቶ ሰሜን ጦር ግንባር ነበር። ዓመት ያልሞላው፣ አንማው የሚባል ልጅ አላት፤ ዳዴ ሲል እንደ እንሽላሊት ነው የሚፈጥነው። ፈረቃችን ሲለያይ እኔ እይዝላታለሁ። አንድ ላይ ሲገጥም ምን እንደምታደርግ ግን ጠይቄያት አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ከሥራ መልስ አብሬያት ቤቷ ገባሁ። ልጁ ወገቡን በነጠላ ታስሯል፤ የነጠላው ጫፍ ከአልጋው እግር ጋር ተቋጥሯል። ፊቱ ላይ እንባና ንፍጥ ደርቋል። እኛን ሲያይ እጁን እያጨበጨበ ሳቀ።

ይታይሽ «ምን ላድርግ?» አለችኝ። «ብፈታው ሐይቅ ይገባል። ብቀር ከሥራ እባረራለሁ።»

ከሰፈራችን ዝቅ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር፣ አንድ የተወረሰ ቤት ነበር። አራት ሰፋፊ ክፍል፣ ወደ ውሃው የሚያይ በረንዳ፣ ግቢው ውስጥ የዘይቱን ዛፎች ነበሩት። ቀበሌው ቆልፎ አስቀምጦታል። የቀበሌው አመራሮች በዚህ ቤት የተነሳ እኩል ለእኩል ተከፍለው ነበር። ግማሾቹ የመዝናኛ ክበብ ይሁን፣ ቢራ ይሸጥበት፣ ዳማና ካርታ ይጫወቱበት ይላሉ። ግማሾቹ የሕፃናት መዋያ ይሁን ይላሉ። በዚህ መሐል አንዱ አመራር ወደ ጎንደር ተዛወረና ወንበሩ ክፍት ሆነ። በዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ቤቱን ይወስናል ማለት ነው። የክበቡ ወገን ጋሼ ደምለውን አቀረበ። የሴቶች ማኅበር እኔን አቀረበ። ለምን እኔን ብትሉ ሌላ ምክንያት የለውም፤ አፌ አያርፍማ!

እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ነበር። ቆይተው እሳቸው ራሳቸው በሬ ላይ ቆመው «አሉ እንዴ ተወዳዳሪዬ!» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አልፈለግሁትም...»

«ተዪ፣ ተዪ! ጎሽ የኔ ልጅ፣ ተወዳደሪ። ቢራዬን ግን አላስነካሽም» ብለው እየሳቁ ሄዱ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ሳምንት ማሽኔ ላይ ቆሜ ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ሌላ ነገር ሳስብ እየተገኘሁ ሥራ መሪዬ ሁለት ጊዜ ተቆጣኝ።

ምርጫው እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቀበሌው ግቢ ዋርካው ሥር ነበር። ጳጉሜ ውስጥ ነን፤ ሌሊት ዘንቦ መሬቱ ረጥቧል፣ ሰዉ ድንጋይ እየፈለገ ተቀምጧል። ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ነው የሚመራን። ካኪ የለበሰ፣ ደብተር የያዘ፣ ከእኔ በዕድሜ ብዙ የማይበልጥ ልጅ። ጋሼ ደምለውንና እኔን ፊት ለፊት፣ ጎን ለጎን አቆመን። መጀመሪያ የእሳቸውን ስም ጠራ፤ እጅ ወጣ። ቀጥሎ የእኔን ስም ጠራ፤ እጅ ወጣ። ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ግንባሩን ጠረገ። ግቢው ውስጥ ያለነው እኛን ጨምሮ መቶ ሃያ አንድ ሰው ነን፤ የወጣው እጅ ግን ሁለት መቶ አልፏል።

«ጓዶች! ለሁለቱም ነው እንዴ ያነሳችሁት?»

ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ልጄ፣ ደምለው ወንድማችን ነው። እሷም ልጃችን ናት። ለአንዱ አንስተን ሌላውን ፊት ለፊቱ እናሳፍረው ነው የምትለን?»

«እውነታቸውን ነው!» አለ ሕዝቡ።

እንዲህ ነን እኛ። በር ላይ ስንገናኝ «ይቅደሙ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባልን ዝናብ የሚደበድበን ሰዎች ነን። አንጀታችን እየጮኸ «አሁን በልቼ መጣሁ» እንላለን። ይሉኝታ ያላሳደገው ሰው ከእኛ መሐል የለም፤ ክፉ ነገር ነው አልልም፣ ብዙ ጊዜ አብሮ ያኖረን እሱ ነው። ካድሬው ግን ደብተሩ ውስጥ ይሉኝታ የሚባል ዓምድ የለውም። «አንድ ሰው አንድ እጅ!» ብሎ ጮኸ። «ተወዳዳሪዎችም ትመርጣላችሁ። ሁለት ጊዜ ሲያነሳ ያገኘሁትን ስሙን እይዛለሁ!» ስም መያዝ ሲነሳ ሰዉ ሁሉ እጁን ሰበሰበ።

እንደገና ተጀመረ። «ጓድ ደምለው!»

እጆች መውጣት ጀመሩ። የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ መሰለኝ። አጠገቤ የቆሙት ሰው ዋሴ ናቸው። የምበላው እንጀራ በእሳቸው ፊርማ የተገኘ ነው፤ የማድርበት ክፍል የእሳቸው ነው። እጄን አጣጥፌ ብቆም «ይህች ውለታ ቢስ፣ ያሳደጋትን ካደች» ሊባል ነው። መራዊ ድረስ ወሬው ይሄዳል፣ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ትሰማዋለች። ደግሞ እውነቱን ልናገርና፣ እሳቸውም ለእኔ ያነሱልኛል ብዬ አስቤያለሁ። የጨዋ ሰው ልማድ እንዲያ አይደለም? እኔ «ይቅደሙ» እላለሁ፣ እሳቸው «አንቺ ቅደሚ» ይሉኛል፣ ሒሳቡ ይስተካከላል። ይህን ሁሉ አስቤ ሳልጨርስ እጄ ወጥቷል።

ቀና ስል የጋሼ ደምለውም እጅ ወጥቷል። ለራሳቸው!

ለካ ሰው ለራሱም ያነሳል! እመ ብርሃን ምስክሬ ናት፣ ይህ ጨርሶ አልታሰበኝም ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የወጣ እጅም እንዲያው ነው፣ መመለሻ የለውም። ካድሬው ቆጥሮ ደብተሩ ላይ ጽፏል። «ጓድ እንጉዳይ!» ሲል ዞር ብዬ አየኋቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ሐይቁ ይመለከታሉ። እሳቸው ሥልሳ አንድ፣ እኔ ሥልሳ። ያቺ አንዷ እጅ ወደ እኔ ዞራ ቢሆን ኖሮ ቤቱ የልጆቹ ነበር። ይህን ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልግም፤ ሴቶቹ ሁሉ ወዲያው ገብቷቸዋል።

ይታይሽ አንማውን አዝላ ከኋላ ቆማ ነበር። ስንበተን በአጠገቤ አለፈችና «እጅሽን አየሁት» አለችኝ። ምነው ሰድባኝ በሆነ! ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጄን አልረገጠችም፤ ፈረቃችን ሲለያይም ልጁን አላመጣችልኝም።

በዚያው ሳምንት ቤቱ ክበብ እንዲሆን ተወሰነ። ለሁለተኛው እሑድ ምረቃ ተቀጠረ።

ረቡዕ ዕለት ነው። የጠዋት ፈረቃ ሠርቼ ወጥቼ፣ ልብሴን ሳልቀይር በሬ ላይ ቁጭ ብዬ የሽሮ ክክ እለቅማለሁ፤ ይታይሽ ከሰዓት ገብታለች። ከታች ከሐይቁ በኩል ጩኸት ሰማሁ። ሮጥሁ። አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን ጥሎ፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ልጅ አቅፎ ቆሟል። አንማው ነው። የነጠላው ቋጠሮ ላልቶለት፣ ጨርቁን ከወገቡ እየጎተተ፣ በሩን ገፍቶ ወጥቶ፣ ደንገሉ ድረስ በዳዴ ሄዷል። ሰውዬው መጀመሪያ ያየው ነጠላውን ነው አለን፤ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ። ልጁ እስከ ደረቱ ገብቶ ደንገል ጨብጦ ቆሞ ነበር።

ሰዉ «እግዚአብሔር ነው ያወጣው» እያለ ያማትባል። እኔ ቀኝ እጄን አየኋት። ሌላ የምከስሰው ሰው አልነበረኝም። ልጁን ወስጄ አሞቅሁት፣ አጥሚት ሰጠሁት፣ እናቱ እስክትመጣ ከጉያዬ አላወረድሁትም። ይታይሽ መጥታ ስነግራት መሬት ላይ ቁጭ አለችና እግሩን፣ ሆዱን፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። ትጮሃለች ብዬ ነበር። ትረግመኛለችም ብዬ ነበር።

«ነገም ፈረቃ አለኝ» አለች።

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። በማግስቱ ሴቶቹን ቦኖ ውሃው ላይ፣ ጀሪካን ደርድረው ሲጠብቁ አገኘኋቸው። በሁሉም ፊት «በድያችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አልሁ። አንዷ አሽሟጣጭ «እጅሽን ታጠቢው፣ ውሃው መጥቷል» አለችኝ፤ ሳቁብኝ፤ ይገባኛል። ሌላዋ «አቤቱታ እንጻፍ» አለች።

«አቤቱታ አንጽፍም» አልሁ። «አቤቱታችንን እነሱው ናቸው የሚያነቡት። እኔን ያሸነፈኝ ይሉኝታ ነው፤ እነሱስ ይሉኝታ የላቸውም?» ያሰብሁትን ነገርኋቸው። ከዚያ ይታይሽ ጀሪካኗን አስቀምጣ ሳቅ አፈናት። ከምርጫው ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ዕለት ነው። የጋሼ ደምለው ሚስት እትዬ ሙሉም እዚያው ነበሩ፤ «የእኛን የሚስቶቹን ነገር ለእኔ ተዉት» አሉ። እሳቸውም ቢሆኑ ባላቸው እሑድ እሑድ ከክበብ ሰክሮ እንዲመጣ አልፈለጉም።

የምረቃው እሑድ መስከረም ብቷል። ዝናቡ አባርቷል፣ ሐይቁ ረግቷል፣ የግቢው ሣር መሐል አደይ ፈክቷል። በረንዳው ላይ ወንበር ተደርድሯል፣ የቢራ ሳጥን ተቆልሏል፣ ዓሣ እየተጠበሰ ነው። ከምሳ በኋላ፣ ወንዶቹ ሰብሰብ ብለው የመጀመሪያው ቢራ ሲከፈት፣ አሥራ አራት ሕፃን ይዘን በግቢው በር ገባን። አሥራ አራቱም እናቶች የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰዋል። አንማውን ያዘልሁት እኔ ነኝ፤ ይታይሽ የልጆቹን አጥሚትና ጨርቅ ተሸክማለች።

«እንደምን ዋላችሁ! እንኳን ደስ ያላችሁ! ቤቱ አማረ!» አልን።

ወንዶቹ ብድግ ብድግ አሉ፤ ጨዋዎች ናቸዋ። «ኑ፣ ግቡ! ወንበር አምጡላቸው!»

«ኧረ አንቀመጥም፤ ፈረቃ ደረሰብን። እስቲ ለአፍታ ይችን ልጅ ያዙልኝ፣ ጋሼ።» «አንተ ወንድሜ፣ ይህን ለአፍታ።»

በእኛ አገር ሕፃን ተዘርግቶለት እጁን የሚሰበስብ ሰው አልተፈጠረም። አሥራ አራቱም ጉያ አገኙ። አንማውን ጋሼ ደምለው ጭን ላይ አስቀመጥሁት። ወዲያው የፋብሪካው አውቶቡስ ከላይ ከመንገዱ ጡሩንባውን ነፋ፤ እናቶቹ እየሮጡ ወጡ። ስምንት ሰዓት ሙሉ አይመለሱም!

እኔ ዕረፍቴ ስለነበር ቀረሁ። ሕፃናት ከቢራ ሳጥን ጋር ትቼ የምሄድ እብድ አይደለሁም። በረንዳው ደረጃ ላይ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተቀመጥሁ፣ አጥሚቱና ጨርቁ አጠገቤ ነው፣ ጆሮዬ ግን ከኋላዬ ነበር።

«እስቲ ሙሉን ጥሩልኝ» አሉ ጋሼ ደምለው። አንድ ሰው ሄዶ ተመለሰ። «ለቅሶ ሄደዋል» አለ። የሌላኛውም ሚስት ለቅሶ ሄዳለች። የሦስተኛውም። «ኧረ ማን ነው የሞተው?» አሉ። የሚያውቅ ጠፋ። ከንፈሬን ነክሼ ሐይቁን አየሁ።

ሕፃን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቢራ የሚጠጣ ሰው ምን ይባላል? አንዱ ጠርሙሱን ወንበሩ ሥር ደበቀው፤ ሌላው ወደ ሳጥኑ መለሰው። ቀስ በቀስ ሁሉም መለሱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዷ አለቀሰች፤ እሷን ሰምተው ሁሉም ለቀቁት። አንድ መካኒክ «እሹሩሩ» ሲል ሰማሁ፤ ድምፁ የሚያስፈራ ነበር፣ ልጁ ግን ዝም አለለት። የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ሕፃን በጋቢ አዝሎ ግቢውን ይዞራል። አንማው የጋሼ ደምለውን ባለ ጥለት ጋቢ ከላይ እስከ ታች አረጠበላቸው። እኔ ስጠራ እየተነሳሁ አበላለሁ፣ ጨርቅ እቀይራለሁ፣ ተመልሼ ደረጃዬ ላይ እቀመጣለሁ። ማንም ተቆጥቶ አልተናገረኝም። በይሉኝታ ተይዘዋል፤ እኔ ደግሞ እንዴት እንደሚይዝ አውቀዋለሁ።

ፀሐይዋ ወደ ዘጌ ስታዘቀዝቅ ጋሼ ደምለው አንማውን ትከሻቸው ላይ አስተኝተው፣ ደረጃው ላይ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ማንም አልሞተም፣ ጋሼ። ይህ የያዙት ልጅ ግን ባለፈው ረቡዕ ሊሞት ነበር።» ነገርኋቸው። የአልጋውን እግር፣ ነጠላውን፣ ደንገሉን። እጃቸው የልጁን ጀርባ ቸብ ቸብ ማድረጉን አላቋረጠም።

«ይህን የምርጫው ቀን ለምን አልተናገርሽም?»

«እርስዎ ፊት... እንዴት ብዬ?»

«እጅሽን ስታነሺልኝ ምን እንዳልሁ ታውቂያለሽ? አፈርሁብሽ።»

ደነገጥሁ። «ውለታዎን አስቤ እኮ ነው!»

«ዋስ የሆንሁሽ ሥራሽን እንድትሠሪ ነው። እጅ እንድታነሺልኝ ነው?» ድምፃቸው ከፍ ሊል ሲል ልጁን አስታውሰው ዝቅ አደረጉት። «እነዚያ ሴቶች አንቺን ከፊት ያቆሙሽ አደራ ብለው ነው። እኔ ለራሴ አነሳሁ፤ ወንበሩን ፈልጌያለኋ! አንቺ ካልፈለግሽው ለምን ቆምሽ? ውለታዬን መክፈል ካማረሽ ከራስሽ ክፈዪ። በሌላ ሰው ልጅ አትክፈዪ።»

አለቀስሁ። እንዲያ ያለ ንግግር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ማንም ተናግሮኝ አያውቅም። እሳቸው ዞር ብለው አላዩኝም፤ እስክጨርስ ልጁን እያሻሹ ቆዩና «በልተሻል?» አሉኝ። ከተጠበሰው ዓሣ አምጥተው እሾሁን እየለቀሙ ሰጡኝ። ሳይመሽ ሚስቶቹ «ከለቅሶ» ተመለሱ፤ እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ሲገቡ ወንዶቹ ሁሉ ነገሩ ገባቸውና ሳቁ። ልጆቹን ተቀብለው ወደየቤታቸው ወሰዱ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጋሼ ደምለው ተነሱና «ቤቱ የልጆቹ ይሁን፤ እኔ ቢራዬን ቤቴም እጠጣለሁ» አሉ። ሌላ ክርክር አላስፈለገም። እስኪሞቱ ድረስ ከሥራ መልስ ሸንኮራ ወይም ቆሎ ሳይዙ በመዋያው በር አላለፉም። በዓመቱ ወንበራቸውን ለቀው እኔ ተወዳደርሁ። ስሜ ሲጠራ ከሁሉ ቀድሜ እጄን አነሳሁ፤ እንዲያውም በጣም ከፍ አድርጌው ሰዉ ሳቀብኝ። ያ ነው እንግዲህ ፋይሉ ላይ የተጻፈው ሙሉ ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልጅቱ በደንብ ጽፋዋለች። ከቀበሌ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር ሄድሁ። በላንድሮቨር ሐይቁን እየዞርሁ፣ አንበሳሜ የገበያ ቀን፣ ቆላ ድባ እህል በረንዳ ላይ ቆሜ ስለ ሴቶች ማኅበር፣ ስለ ወፍጮ፣ ስለ አዋላጅ ተናግሬያለሁ። አቧራው፣ ዳገቱ፣ በየቤቱ የተሰጠኝ የዳጉሳ ጠላ! በመጨረሻም የብሔራዊ ሸንጎ አባል ሆኜ አዲስ አበባ ገባሁ። የመራዊ ልጅ! እናቴ የምስክር ወረቀቴን መስቀሏ አጠገብ ሰቅላው ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ጥቂት ወራት ታስሬ ተፈታሁ፤ ወደ ባሕር ዳር ተመልሼ የክር ሱቅ ከፈትሁ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል። እኔ ስሾምም አልበላሁ፣ ስሻርም በዚያ አልቆጨኝም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው።

ልጅቱን «ተሸነፈች ብለሽ ጻፊ፣ እንዴት እንደተሸነፈችም ጻፊ» ብዬ ሸኘኋትና ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ሁልጊዜ በዚህ በኩል ነው የምሄደው። መዋያው የነበረበት ቦታ ላይ ዛሬ ሆቴል ቆሟል፤ ዘይቱኖቹ ተቆርጠዋል። አንማው መራዊ ነው ያለው፣ የመስኖ ሠራተኛ ሆኗል፣ ሽበትም ጀምሮታል፤ ለበዓል ሁሌ ይደውልልኛል። የድንጋይ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ያ የአዲስ አበባ አዳራሽ ትዝ አለኝ። አንድ ቀን ወረቀት ተነበበ። ሩቅ አገር ያሉ፣ ስማቸውን እንኳ በትክክል መጥራት የማልችላቸው ገበሬዎች ከቀያቸው ተነስተው ሌላ ቦታ እንዲሰፍሩ የሚል ነበር። ፈልገው ይሁን ሳይፈልጉ አልጠየቅሁም። በቀኜ ያለው አነሳ፣ በግራዬ ያለው አነሳ፣ እኔም አነሳሁ። ያን ጊዜ ይሉኝታ እንኳ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። አጠገቤም «አፈርሁብሽ» የሚለኝ ሰው አልነበረም።

የቀበሌውን ጥፋት በሁለት ሳምንት አረምሁት። ጎበዝ ስለሆንሁ አይደለም፤ የበደልኋቸው ሰዎች ጎረቤቶቼ ስለነበሩ ነው። ውሃ ስቀዳ አገኛቸዋለሁ፣ የልጃቸውን እርጥብ ገላ በእጄ ዳብሻለሁ። ያኛው እጅ የበደላቸው ሰዎች ግን አገራቸው ሩቅ ነው። ልጆቻቸውን አዝለው በሬ ላይ መጥተው «እስቲ ለአፍታ ያዢልን» አላሉኝም። ቢመጡ እይዝላቸው ነበር።